የጋሼ ፍሬን መስመር

አሠልጣኙ ጋሼ ፍሬን በሞተ ማግስት የሞተር ሳይክል ማሠልጠኛውን በር የከፈተው ሥራ አስኪያጁ ነበር። ያገኘው ማለት ይሻላል፤ አልከፈተውም፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነው ያደረው። ሌላ ቀን ቢሆን አሠልጣኙ ቀድሞ ገብቶ ሞተር ሳይክሎቹን ወልውሎ፣ የፕላስቲክ ኮኖቹን ደርድሮ ይጠብቀው ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ሽማግሌው ዛሬስ ተኛ» እያለ ገባ። ከግቢው ጥግ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አሠልጣኙ ከግንቡ ሥር ተንጋሎ ነበር። ቀይዋ የማሠልጠኛ ሞተር ሳይክል አጠገቡ በቀኝ ጎኗ ወድቃለች። የፊት መብራቷ ተሰባብሯል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ቀድማ ያየችው መሬቱን ነው። ግቢው ደቃቅ ጠጠር የተነጠፈበት ሲሆን ከግንቡ ፊት በኖራ የተሰመረ ወፍራም መስመር አለ። የጎማው ዱካ ከሩቅ መጥቶ መስመሩን አቋርጦ አልፏል።

«ፍሬን የሚባል አልተያዘም» አለ ሳጅኑ ቁጢጥ ብሎ። «ፍሬን የያዘ ሰው ጠጠሩን ያርሰዋል። ይሄ በክር እንደተለካ ነው የመጣው። ሆን ተብሎ ነው።»

«ወይም መንዳት የማይችል ነው።»

«የማይችል ሰውማ መንገድ ላይ ይወድቃል እንጂ እንዲህ ቀጥ ብሎ ግንብ ድረስ አይመጣም።»

ሐኪሙ ከአስከሬኑ ላይ ቀና አለ። «ትናንት ከመጨለሙ በፊት ነው የተገጨው። ወዲያው ግን አልሞተም» አለ። «ሰው ቢጠራለት ይተርፍ ነበር ልልሽ እችላለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ግንቡን በዓይኗ ለካች። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ከመስመሩ ኋላ ግንቡ በእጅ ይነካል። ምን ሊሠራ እዚህ ቆመ?»

«ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆመው። ድንገት ማቆምን ሌላው አሠልጣኝ በኮን ነው የሚያስተምረው። እሱ ግን ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ኮኖቹን ያነሳና ራሱ ይቆማል። አንተ ትነዳለህ፣ እሱ ‹ፍሬን!› ብሎ ይጮኻል፣ ከፊቱ ታቆማለህ። ስንቴ ለመንኩት! ‹ኮን እናት የለውም› ይለኛል። ‹ኮን የገጨ ሰው ስቆ ያልፋል። መንገድ ላይ የሚገባበት ግን የሰው ልጅ ነው።›»

«ገጭቶት የሚያውቅ የለም?»

«አንድም! እሱ ሳያምንበት ማንንም ወደዚያ መስመር አይልክም። የሥልጠና ሰዓቱን ብትጨርሺ፣ የጽሑፍ ፈተናውን ብታልፊ፣ እሱ ‹ገና ነሽ› ካለ ገና ነሽ። ፈታኝ ፊት አያቀርብሽም።»

«ትናንት እነማን ቀረቡ?»

«አራት ሰዎች። ሦስቱ አለፉ» አለና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «አንዷ ወደቀች።»

*

የወደቀችው የአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ስለ እሷ የነገራቸው ፈታኙ ነው፤ ማንም ሳይጠራው በራሱ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያው ድረስ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው።

«ሦስተኛዋ ነው» አለ። «ሦስቴ ፈተንኳት፣ ሦስቴ ወደቀች። ትናንት ግን እንደ እብድ አደረጋት። ‹አንድ ቀን ይሄን መስመር ጥሼ ግንቡን ነው የማፈርሰው› ብላ ስትጮህ ያልሰማ የለም።»

«በማን ላይ ነው የጮኸችው?»

«በአሠልጣኟ ላይ ነዋ። እሱ ነው አሳምሮ ያላስተማራት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ወጣሁ። ያለፉት ሦስቱ ስሄድ አይተውኛል። እሷና እሱ ግቢ ውስጥ ቀሩ።» ተነፈሰ። «ጥሩ ሰው ነበር። ነፍሱን ይማር።»

ሦስቱም ተጠየቁ። አዎ፣ ፈታኙ ሲሄድ አይተዋል። አዎ፣ አዋላጇ ስትጮህ ሰምተዋል። በማን ላይ እንደጮኸች ግን ልብ ያለ የለም። መንጃ ፈቃድ ያገኘ ሰው የሰው ጩኸት አይሰማውም።

ከግንቡ ወዲያ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ የባሰውን ነገረቻቸው። እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ ሳታነሳ ነበር የምታወራው።

«ግንቡ ረጅም ነው፣ አላይም። መስማት ግን እሰማለሁ። ሞተሩ ጮኸ ልጄ፤ እንደሚታረድ ነገር እሪ አለ! ከዚያ ጓ! አለ።»

«ወጥተሽ አላየሽም እትዬ?»

«እዚያ ግቢ ሰው ሲወድቅ መስማት ሥራዬ ሆኗል። በየቀኑ ብወጣ ይሄን ቀሚስ ማን ይሰፋልኛል?» መኪናውን አቆመች። «ዛሬ ግን ምነው በወጣሁ እላለሁ።»

ሳጅኑ ወደ ውጭ ሲወጡ እጁን እያፋተገ ነበር። «ይኸው! ነዳጁን እስከ ጥግ ሰጥታ ነው የመጣችበት። ፍሬን የለ፣ ጩኸት አለ። ሌላ ምን ቀረን?»

*

አዋላጇ ከተያዘች አድራለች። ቀጭን፣ ዓይኗን የማትሰብር ልጅ ናት።

«ተቀመጪ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ሲያስቀምጡኝ ነው ያደርኩት። ልቁም።»

«እንዳልሽ። የፈተናው ለት አሠልጣኝሽን ለምን ሰደብሽው?»

«ጋሼን? እኔ?» ግንባሯ ተቋጠረ። «እኔና ጋሼ አብረን ነው ፈታኙ ላይ የጮኽነው። እንደውም እሱ በለጠኝ።»

«ፈታኙ እንደዚያ አይልም።»

«እሱ ምን ቸገረው! ፈቃድ የሚሰጥ እሱ፣ የሚነሳ እሱ። ያለው ሁሉ ይታመንለታል።»

«ምን ብሎ ነው የጣለሽ?»

«‹ግራ እጅሽ ዘገየ።› ሦስቴም ያው ነው። ድንገት ስታቆሚ መጀመሪያ ግራሽን ጨብጪ ይለኛል። ጋሼ ደግሞ ሰው የሚያተርፈው ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ነው፣ ግራው ይደርሳል ይላል። ጋሼን ሰማሁ፤ ከፊቱ አንድ ክንድ ቀርቶኝ ቀጥ አልኩ። ወደቅሽ ተባልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ሞተር ሳይክል ነድታ አታውቅም። የግራና የቀኙ ክርክር የተፈታኝ ምሬት መስሎ ታያትና አለፈችው።

«ስትወጪ ማን አየሽ?»

«ማንም። በእልህ ስሄድ ለሰው ሰላምታ እየሰጠሁ አይደለም የምሄደው።»

«ይሄን ያህል ምን አጣደፈሽ? ለአራተኛ ጊዜ ትፈተኚ ነበር።»

አዋላጇ አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጤና ጣቢያችን አንዲት ሞተር ሳይክል አላት። ነጂ ስለሌላት ሸራ ለብሳ ቆማለች። ምጥ የያዛት ሴት ስታስጠራኝ በእግሬ ነው የምሄደው። ባለፈው ስደርስ የቀረኝ ሥራ ሕፃኑን መጠቅለል ብቻ ነበር። እናቱን ጎረቤት በከፈን ጠቅልሏት ቆየኝ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች።

«አለቆቼ አንድ ሐሳብ አላቸው» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። «በስሕተት ገጨሁት ብትዪ ቅጣቱ ይቀልልሻል።»

«ያልነዳሁትን ነዳሁ አልልም። ጋሼን ገደልኩ ብዬ ከምወጣ እዚሁ ልሽበት። ይህንንም ለአለቆችዎ ይንገሩልኝ።»

*

የተጠረጠረ ሌላ ሰው ነበር። እሽግ የሚያደርስ ወጣት ነው፤ ሠፈሩ ‹ንፋስ› ይለዋል። አሠልጣኙ ለፈተና አላቀርብህም ሲለው ግቢውን አቃጥላለሁ ብሎ ዝቶ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስታገኘው ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርናቸው በጄሶ ታስረው እናቱ ሾርባ በማንኪያ ታጠጣዋለች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጋሼ ፍሬን ‹ገና ነህ› ብሎኝ ነበር» አለ። «እኔ ግን ያለ ፈቃድ ወጣሁ። ለካ ገና ነበርኩ።»

እናቱ ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከተተችበት። «አርፈህ ጠጣ!»

ኢንስፔክተሯ ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። «ጠጠር ላይ ነዳጁን እስከ ጥግ ብትሰጠው ምን ይሆናል?»

«የኋላው ጎማ ይቆፍራላ! ጠጠሩ እንደ በረዶ ነው የሚበተነው። ከኋላ የቆመ ሰው ካለ ዓይኑን ይጨፍን።»

ከዚያ ቤት በቀጥታ ወደ ግቢው ሄደች። ዱካውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አየችው። አንድ የተበተነ ጠጠር የለም።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ በማግስቱ ፋይሉን ጠየቃት።

«አልደረሰም ጌታዬ።»

«ምን ቀረው?»

«ሞተሩ ጮኋል፤ ጎማው ግን ጠጠሩን አልበተነም። እነዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም።»

«ስታውቂ ትነግሪኛለሽ። እስከዚያ ገዳይዋ ልጅቷ ናት። ነገ ከሰዓት ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«የማላውቀውን ፈርሜ አልልክም» አለች ኢንስፔክተሯ። ድምፅዋን አላነሳችም። አዛዡ ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

«እንግዲያው እኔ እፈርማለሁ። ነገ ከሰዓት።»

*

በዚያው ቀን ኢንስፔክተሯ አዋላጇን ይዛት ወደ ማሠልጠኛው ወረደች። ሳጅኑ ካቴናውን ሲፈታ ያጉተመትም ነበር።

«ይሄ ነገር ከሥራ ያስወጣናል።»

«አንተ ጡረታህ ደርሷል፤ ምን አስጨነቀህ?» አለችውና ወደ አዋላጇ ዞረች። «አስተምሪኝ። በሕይወቴ ብስክሌት ብቻ ነው የነዳሁት።»

አዋላጇ ትንሽ አመነታች። ቀጥሎ ግን የአሠልጣኙን አነጋገር ይዛ ጀመረች። «እንግዲያው ብስክሌቱን ይርሱት። ቀኝ እጅዎ የፊት ፍሬን ነው፣ ነዳጁም እዚያው ነው። ቀኝ እግርዎ የኋላ ፍሬን። ይሄ ግራው ደግሞ ፍሪሲዮን ነው፤ ሞተሩንና ጎማውን ያለያያል እንጂ አያቆምም።»

«ገባኝ።»

«ሁሉም ገባኝ ይላል። ሄልሜቱን ይሰሩ።»

ግንቡ ሥር አሮጌ ጎማዎች ተከመሩ። ኢንስፔክተሯ አንዴ ሞተሩ ጠፋባት፣ አንዴ አዘለላት፤ በኋላ ግን ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች። ልቧ ሞላ። መስመሩ ጋ ልትደርስ ስትል አዋላጇ በሙሉ ድምፅዋ «ፍሬን!» አለች።

እጆቿ የልጅነታቸውን አደረጉ። ግራዋ ጨበጠ፣ ቀኟም እጀታውን አንቆ ያዘ። ሞተሩ እሪ አለ። ሞተር ሳይክሏ ግን አልፈጠነችም፣ አልቆመችምም፤ እንደተወረወረ ነገር እየተንሸራተተች መስመሩን አልፋ ጎማዎቹ ውስጥ ገባች።

ሳጅኑ እየሮጠ መጣ። «ሞቱ?»

«አልሞትኩም። ሞተሩ ጮኸ?»

«ሠፈሩ ሁሉ ሰማ!»

«ግራውን ጨብጠው ቀኙን ጠመዘዙታ!» አለች አዋላጇ። «ሞተሩ ከጎማው ተለያይቶ ለብቻው ነው የጮኸው...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ኢንስፔክተሯ አቧራዋን ሳታራግፍ ዱካዋን አየች። በክር እንደተለካ ቀጥ ያለ ነው። አልታረሰም። አልተበተነም።

«ሊገድለው አልመጣም» አለች። «ፍሬን የያዘ መስሎት ነው። ማነው ድንገት ሲደነግጥ በግራ እጁ የሚያቆም? የጋሼ ፍሬን ተማሪዎች በዚች ሞተር የጀመሩ ናቸው፤ እጃቸው ሌላ አያውቅም።»

«ብስክሌት የለመደ» አለ ሳጅኑ።

«ወይም ስኩተር» አለች አዋላጇ። «ማርሽ የሌላት። እሷ ላይ ግራው ፍሬን...» አፏን በእጇ ያዘች።

*

ነጋ። ግቢው ውስጥ አዛዡ፣ ሥራ አስኪያጁና ሳጅኑ ቆመዋል። አዋላጇ ከሳጅኑ አጠገብ ናት። ልብስ ሰፊዋ ከግንቡ ወዲያ ሥራዋን እንድትቀጥል ተነግሯታል። ፈታኙ ማርሽ በሌላት ሰማያዊ ስኩተሩ ላይ ተቀምጦ ገባ።

«ለፋይሉ ነው የፈለግንዎት» አለችው ኢንስፔክተሯ። «እዚህ ካለነው ሕጋዊ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። በትክክል ማቆም ምን እንደሚመስል ቢያሳዩን፣ የልጅቷ ስሕተት ግልጽ ይሆናል።»

«በዚህ ሞተር?»

«ምነው? በዚህ አይደል የሚፈትኑት?»

ፈታኙ ዙሪያውን አየ። አዛዡ ሰዓቱን እያየ ነበር። «ስንቱን ስፈትን የኖርኩ ሰው...» ብሎ ፈገግ ሊል ሞከረና ሄልሜቱን አሰረ።

የመጀመሪያውን ዙር ቀስ ብሎ ነዳ። መስመሩ ጋ በቀኙ ቀስ አድርጎ አቆመ። አዛዡ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሮ ቅንድቡን አነሳ።

«ጥሩ ነው» አለች። «አሁን ተፈታኞችዎ በሚነዱበት ፍጥነት።»

ፈታኙ ከሩቅ ተነሣ። ማርሽ ቀየረ፣ ፈጠነ። መስመሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ኢንስፔክተሯ ከጎማው ክምር ፊት ወጥታ መሐል ላይ ቆመች።

«ፍሬን!»

ሳጅኑ «እመቤቴ!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩም ጮኸ፤ ያንኑ የሚታረድ ነገር ጩኸት። ሞተር ሳይክሏ አልቆመችም። ኢንስፔክተሯ ወደ ጎን ተወርውራ በክንዷ መሬቱን መታች፤ ፈታኙ ከነሞተሩ ጎማዎቹ ውስጥ ተሰነቀረ።

ከግንቡ ወዲያ የስፌት መኪናው ጸጥ አለ።

«ያ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። «ያ ነው ልጄ! የዚያን ለት የጮኸው እሱ ነው!»

ፈታኙ ጎማዎቹ መሐል እንደተቀመጠ ነበር። ግራ እጁ እስካሁን እንደጨበጠ ነው። ኢንስፔክተሯ እየደማች ከፊቱ ተንበረከከችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

«የዚያን ለት ተመልሰው መጥተዋል» አለችው።

«ሄልሜቴን ረስቼ» አለ ፈታኙ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ልጅቷ ሄዳለች። እሱ ብቻውን ነበር። ‹ግራ ግራ የምትለው ነገር አልገባኝም፤ እስቲ አንተ አንድ ዙር ንዳና አሳየኝ› አለኝ። እንዴት አልችልም ልበለው? ድሮ የስኩተር ፈቃድ ነበረኝ። ፈታኝ ስሆን ባለማርሹን ጨምሩለት ተባለ፤ ተጨመረልኝ። ማንም አልፈተነኝም።»

«ነዱ።»

«ነዳሁ። ደህና ነዳሁ። ሲያየኝ ፊቱ ተፈታ። ‹ይቅርታ ወንድሜ፣ አትችልም ብዬ ጠርጥሬህ ነበር› አለኝ። ከዚያ ሄዶ መስመሩ ላይ ቆመልኝ።»

አዋላጇ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች።

«እጅዎ ተሳስቷል» አለች ኢንስፔክተሯ። «እጅ ይሳሳታል። ነገር ግን ጋሼ ፍሬን ይተነፍስ ነበር። በሩን ገርበብ አድርገውበት ሄዱ፤ በነጋታው ደግሞ ሸሚዝዎን አስተኩሰው ሌላ ሰው ሊያሳስሩ መጡ። ያ የእጅ ስሕተት አይደለም።»

አዛዡ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ነበር። አውጥቶ ለኢንስፔክተሯ ሰጣት።

*

የፈቃድ ሰጪው ቢሮ ኃላፊ አዋላጇን ራሱ አስጠራት። ወንበር ሳበላት፣ ሻይ አዘዘላት። ኢንስፔክተሯ ክንዷን በፋሻ አስራ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

«በደል ደርሶብሻል እህቴ» አለ ኃላፊው። «ሦስቱም ውጤቶች ተሰርዘዋል። ቢሮው ደግሞ ይክስሻል።» ከመሳቢያው አንድ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋው። ፎቶዋ አለበት። አዲስ መንጃ ፈቃድ ነው።

አዋላጇ ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህን ካርድ ስንት ሌሊት በሕልሟ ይዛው አድራለች። ሸራ የለበሰችው ሞተር ሳይክል ነገ ልትነሣ ትችላለች።

በአንድ ጣቷ ካርዱን ወደ ኃላፊው መለሰችው።

«አልወስድም።»

«ምን ጎደለው?»

«ፈተና ጎደለው። ጋሼን የገደለው እንዲህ ከመሳቢያ የወጣ ካርድ ነው። እኔ መንገድ ላይ የሰው ልጅ ሊገባብኝ ነው ጌታዬ። ፈትኑኝና ስጡኝ፤ ከወደቅሁም ጣሉኝ።»

ኃላፊው ወደ ኢንስፔክተሯ አየ፣ ‹ምከሪያት እንጂ› በሚል ዓይን።

«እኔ ምን አገባኝ» አለች ኢንስፔክተሯ ሻይዋን እያማሰለች። «የምትፈተነው እሷ ናት።»

በሳምንቱ ግቢው ውስጥ ሰው ሞላ። ንፋስ እጆቹን በጄሶ እንዳሰረ ከእናቱ ጋር መጥቷል። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታለች። ከሌላ ከተማ የመጣው አዲሱ ፈታኝ፣ ጎልማሳና ትሑት ሰው፣ ቀይዋን ሞተር ሳይክል ዙሪያዋን አይቶ ወደ አዋላጇ መጣ።

«ተዘጋጅተሻል?»

አዋላጇ ሄልሜቷን አሰረች፤ ቁልፉን ግን ከእጇ አውጥታ ለእሱ ዘረጋችለት።

«እኔ ተዘጋጅቻለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን እርስዎ አንድ ዙር ይንዱልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። አዲሱ ፈታኝ ቁልፉን ተመለከተ፣ ልጅቷን ተመለከተ፤ ቀጥሎም ኮቱን አውልቆ ለሳጅኑ አቀበለና ሞተሩ ላይ ወጣ።